የደቂቃው ዋጋ

የዛሬው ወሬ የስልክ ወሬ ነው። ስለ ቀፎው አይደለም የማወራችሁ፤ ቀፎውንማ ልጆቹ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የማወራችሁ ድምፃችንን ተሸክሞ ጅማና ቤይሩት ስለሚያደርሰው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያችሁን ምረጡ ስለተባልነው ስለ እኛም ነው።

ወሬው የገላን ነው። ገላንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ በአቃቂ ወጥታችሁ አሮጌውን የአዳማ መንገድ ስትይዙ፣ ዱከም ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ግራና ቀኙ ፋብሪካና መጋዘን ነው። የጅቡቲው ባቡር ጭነቱን የሚያራግፍበት እንዶዴም እዚያው አጠገብ ነው። በ2015 ዓ.ም ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከኮዬ ፈጬ ጋር ተጣምራ በሸገር ከተማ ሥር ገብታለች። ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ብትቆሙ ከአርሲ፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከወለጋ የመጣውን ወጣት ታያላችሁ። ማታ ሥራ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ያወጣና ወደ አገሩ ይደውላል። እዚህ ሰፈር ዘመድ የሌለው ሰው የለም፤ ግን ዘመዱ ሁሉ ሩቅ ነው።

በአባቶቻችን ጊዜ ኩባንያ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። አጼ ምኒልክ ስልክ ወደ አገራችን ሲያስገቡ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ያ ዘመን አልፎ በ1945 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ደርግ መጣና ባለሥልጣን አለው። በ1989 ዓ.ም ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ስሙ ይቀያየር እንጂ ሕዝቡ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነበር፦ ቴሌ። ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቴሌ ሄዶ ቁጥር አስመዝግቦ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ኦፕሬተሯ እስክትጠራ መጠበቅ ነበር። ስትጠራህ እየሮጥክ ወደ ጠባቧ ክፍል ትገባለህ፤ ሌላው ሰው እስኪሰማህ ድረስ እየጮህክ ታወራለህ፤ ስትወጣ ሒሳብህን ትከፍላለህ። ውድ ነበር፤ አድካሚም ነበር። ነገር ግን ስንት ደቂቃ እንዳወራህና ስንት እንደከፈልክ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ እጅህ ላይ ይቀር ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ አዋጅ ቁጥር 1148 ወጣና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ ተቋቋመ፤ ገበያውም ለሌላ ኩባንያ ተከፈተ። በግንቦት 2013 ዓ.ም ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ያሉበት ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ሙከራውን ጀመረ፤ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። 09 ብቻ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች 07 የሚል ቁጥር ማየት ጀመርን። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ በር ብቻ ያንኳኳ ሕዝብ ሁለተኛ በር ተከፈተለት። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሁለት ሻጭ ያለበት ገበያ አንድ ሻጭ ካለበት ይሻላልና።

እንግዲህ ወደ ሰዎቹ ልውሰዳችሁ። ሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ እማማ እንበላቸው። ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣሉ። አንድ ልጃቸው ጅማ ይማራል። ትንሹ እዚሁ ገላን ፋብሪካ ይሠራል፤ 07 ያወጣውም እሱ ነው። ሴት ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ላይ ናት። የእማማ ስልክ 09 ነው። ትንሹ ልጅ «እማዬ፣ አዲሱ ይሻላል» ብሎ ሁለተኛ ሲም ገዝቶ እዚያው ቀፎ ውስጥ ከተተላቸው። አሁን ሁለት ሲም ኖራቸው ማለት ነው። ቁጥር በነኩ ቁጥር ስልኩ በየትኛው ልደውል እያለ ይጠይቃቸዋል።

በየትኛው ይደውሉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለጅማው ልጅ በየትኛው፣ ለቤይሩቷ በየትኛው፣ ቤት ላለው በየትኛው? ይህን ለመመለስ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ነበረባቸው፤ ደቂቃው ስንት ነው?

አብሬያቸው ከሁለቱ ኩባንያዎች ወደ አንደኛው መሸጫ ሱቅ ሄድኩ። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ጥያቄው የሁለቱም ነውና። ባንኮኒው ኋላ የቆመው ወጣት ጨዋ ልጅ ነው። እማማ በአፋን ኦሮሞ ሲያናግሩት ፊቱ በራ፤ «ሀርሜ» (እናቴ) ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ያሳያቸው ጀመር። ይኸኛው የቀን ጥቅል ነው፤ ይኸኛው የሳምንት፤ ይኸኛው የወር። ይህን ያህል ደቂቃ፣ ይህን ያህል ሜጋባይት፣ ይህን ያህል መልእክት፤ የሌሊት ቦነስም አለው። እማማ በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ እኔ በርበሬ ሻጭ ነኝ። ሰው መጥቶ ኪሎው ስንት ነው ቢለኝ፣ ከሽንኩርትና ከኮረሪማ ጋር አስሬ በዚህ ዋጋ ውሰድ፣ ግማሹን ግን ዛሬ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ብላ ብለው ጥሎኝ ይሄዳል። አሁን ደቂቃው ስንት ነው?»

ልጁ ዝም አለ። «እንደሁኔታው ነው ሀርሜ» አለ።

ልጁን አልወቅስም። እውነቱን ነው፤ እንደሁኔታው ነው። ከጥቅል ከሆነ አንድ ነው፤ ከዋናው ሒሳብ ከሆነ ሌላ ነው። እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ አንድ ነው፤ ወደ ሌላኛው ኩባንያ ከተሻገረ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቦነሱ የሚሠራው ለየትኛው ነው? 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጡ ነው ወይስ በላዩ የሚጨመር? አንድ ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ ያወራ ሰው ሴኮንዱ ይቆጠርለታል ወይስ ሁለት ደቂቃ ይሞላበታል? ወደ ውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ሊባኖስ አንድ፣ ሳዑዲ አንድ፣ አሜሪካ ሌላ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ እንዲይዝ መጠበቅ ግፍ ነው። ግን ይህ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ሱቁ በር ላይ ለምን አልተለጠፈም? በር ላይ ያለው የሚስቅ ወጣት ፎቶ ነው። ዋጋው የለም።

ይህ ነገር በእኛ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ከኛ አርባ ዓመት ያህል ቀድመው ገብተውበታል። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባል አንድ ግዙፍ ኩባንያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስልካቸውን ጠቅልሎ ይዞት ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1984 ተበታተነና ለሩቅ ጥሪ ኩባንያ ምረጡ ተባሉ። ለየቤቱ የምርጫ ወረቀት ተላከ፤ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ኤምሲአይ፣ ስፕሪንትና ሌሎችም። ብዙው ሰው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ልዩነቱ ስላልገባው አስቀመጠው። ላልመረጠው ሰው ታዲያ ምን ተደረገለት መሰላችሁ? የመረጡት ሰዎች ድምፅ ለየኩባንያው በደረሰበት ልክ እሱም ተደለደለ። ያልመረጠው ኩባንያ ደንበኛ ሆኖ አደረ። ቆይቶ ደግሞ የባሰ መጣ፤ ሰው ሳያውቅ፣ ሳይጠየቅ፣ ኩባንያውን የሚቀይሩበት አጭበርባሪዎች ተነሡ። ሰውየው የሚነቃው የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው። ይህን የሚከለክል ሕግ እስኪወጣ 1996 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ያን ያህል ሀብትና ያን ያህል ጠበቃ ያለው አገር እንኳ፣ ምረጡ ብሎ መረጃውን በግልጽ ሳይሰጥ ሲቀር ሕዝቡ የገባበት ጣጣ ይኸው ነው።

የኛም ሰዎች ቀምሰውታል። ዋሽንግተን አካባቢ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሐበሻ ሱቅ ስትገቡ ከእንጀራውና ከበርበሬው አጠገብ የጥሪ ካርድ ተደርድሮ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መደወል ከውዶቹ ጥሪዎች አንዱ ስለነበር ያለ ካርድ አይሞከርም። ካርዱ ላይ የደቂቃው ብዛት በትልቁ ተጽፏል። ከጀርባው በማትነበብ ፊደል ደግሞ የማገናኛ ክፍያ፣ የሳምንት ክፍያ፣ የደቂቃ ማጠጋጊያ ተደርድሯል። ሰው ሌሊት ከፈረቃ ወጥቶ፣ እናቱን «እንዴት ነሽ» ብሎ፣ መልሱን ሳይሰማ ካርዱ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንዳንድ የካርድ ሻጮችን ፍርድ ቤት አቆመ። ካርዶቹን ገዝቶ ደውሎ ሲፈትሽ ቃል ከተገባው ደቂቃ ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚሰጡ አገኘ። ይህ ሁሉ ከስደተኛ ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው።

በዚያው ዘመን ገላን ያለችው እናት ደግሞ ሌላ ነገር ታይ ነበር። ልጇ ከውጭ ስትደውል ስልኩ ላይ የሚወጣው የአገር ውስጥ 09 ቁጥር ይሆናል። መልሳ ስትደውል የማታውቀው ሰው ያነሣል፤ ወይም ጨርሶ አይነሣም። ነገሩ ሲም ቦክስ የሚሉት ነው። ጥሪው በኢንተርኔት ተጉዞ አገር ቤት ይገባል፤ እዚህ በድብቅ ብዙ ሲም በተሰካበት ሣጥን ውስጥ ያልፍና የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ ይወጣል። በሕጋዊው በር ቢገባ ኖሮ የሚከፈለው የውጭ ጥሪ ዋጋ እንዲህ ይታለፋል። በ2004 ዓ.ም የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የወጣው እንዲህ ያለውን ለመቅጣት ጭምር ነው። ደዋይዋ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ካርድ ገዛች፣ ደወለች፤ ድምፅዋ በየት በኩል እንደሄደ የነገራት የለም።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነውና።

ሰዎች ይሉኛል፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ማን በስልክ ይደውላል? ኢሞ አለ፣ ዋትስአፕ አለ።» አዎ አለ። እማማም ልጃቸውን የሚያዩት በኢሞ ነው። ግን ኢሞ በሁለቱም በኩል ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቤይሩት ያለችው ልጅ የምትጠቀመው የአሠሪዋን ዋይፋይ ነው። ማዳሟ ካጠፋችው ጠፋ። ያን ጊዜ የሚቀረው መደበኛው ጥሪ ነው።

በመስከረም 2017 ዓ.ም ቤይሩት በቦምብ ስትደበደብ ምን እንደሆነ ሰምታችኋል። አሠሪዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ትተዋቸው ሄዱ፤ መንገድ ዳር ያደሩ እህቶቻችን ነበሩ። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ኢሞ እምቢ አለ። እማማ በመደበኛው ጥሪ ደወሉ። ልጅቱ አነሣች። «አለሁ» አለች፤ የት እንዳለች ልትነግራቸው ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ። እማማ ቦምቡ መሰላቸው። ጮኹ፤ እኛም ተሰበሰብን።

ቦምቡ አልነበረም። ሒሳባቸው አልቆ ነው። ጠዋት የገዙት ጥቅል ውስጥ ደቂቃ ሞልቶ ነበር፤ ግን ለአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነበር። የውጭ ጥሪው የተቆረጠው ከዋናው ሒሳብ ነው፤ እዚያ ደግሞ ትንሽ ፍራንክ ብቻ ነበረች። ትንሹ ልጅ እየሮጠ ካርድ ሊገዛ ወጣ። በዚያ ሰዓት ክፍት ሱቅ እስኪያገኝ ድረስ እኚያ ሴት የሆኑትን እኔ አይቻለሁ። ጥቅሉን ሲሸጥላቸው «ይህ ለቤይሩት አይሆንም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የነገራቸው ቢኖር ያቺን ሌሊት እንዲያ አያሳልፏትም ነበር። ስለ ግልጽ መረጃ ስናወራ የሂሳብ ክርክር የሚመስለው ሰው ካለ፣ እኔ የማወራው ስለዚያች ሌሊት ነው።

በማግሥቱ ለሥራ ተነሣን። ከልጃቸው ደብተር አንድ ገጽ ቀደድንና ጥያቄዎቹን ጻፍን። ከዋናው ሒሳብ ወደ ሊባኖስ ደቂቃው ስንት ነው፤ ወደ ሌላው ኔትወርክስ? ጥቅሉ የሚሞተው ከተገዛ 24 ሰዓት ሲሞላው ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ? የተረፈው ደቂቃ ወደ ነገ ይሻገራል? ጥቅሉ ሲያልቅ ስልኩ ያስታውቃል ወይስ ዝም ብሎ ከዋናው ሒሳብ መቁረጥ ይጀምራል? ወረቀቱን ይዘን ሁለቱም ዘንድ ሄድን። ልመና አልነበረም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ ሰው ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ነጋዴውም ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ለበርበሬ ሻጭዋ የሚሠራ ሕግ ለስልክ ሻጩም ይሠራል።

አንዳንዱ ጥያቄ ተመለሰ፤ አንዳንዱ «ወደ ደንበኞች አገልግሎት ይደውሉ» ተባለ፤ አንዳንዱን አንዱ ሠራተኛ እንዲህ ሲለው ሌላው እንዲያ አለው። እዚህ ላይ እማማ የገበያ ሰውነታቸውን አሳዩን። «እኔ ራሴ እመዝነዋለሁ» አሉ። ቀሪ ሒሳባቸውን አዩና ጻፉት። የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ለጅማው ልጅ ልክ አንድ ደቂቃ ደወሉ። ዘጉና ቀሪውን እንደገና አዩ። ልዩነቱን ጻፉ። በሁለተኛው ሲም ደገሙት። ከዚያ ከደቂቃ በላይ ጥቂት ሴኮንድ አስረዝመው ሞከሩት። ከዚያ ቤይሩት። ማንም ሊነግራቸው ያልቻለው ዋጋ ደብተራቸው ላይ ተጻፈ። ከሁለቱ ሲሞች በአንዱ የተሰጣቸው ቦነስ ለጅማው ልጅ ፈጽሞ እንደማይሠራም ያወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ልጁ ያለው በሌላኛው ኔትወርክ ነበርና።

ይህን ዘዴ ለሁላችሁም እመክራለሁ። ግን ይገርመኛል ደግሞ ያሳዝነኛል። ሸማች የሚገዛውን ነገር ዋጋ ለማወቅ መጀመሪያ ገዝቶ፣ ከዚያ ጎድሎበት፣ ከዚያ ቀንሶ ማስላት አለበት? በ2010 ዓ.ም መጨረሻ የድምፅ ጥሪ ዋጋ በ40 በመቶ ሲቀነስ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ነው የሰማው፤ አገር ምድሩ አወራው። ዋጋ ሲቀንስ እንዲህ ጥርት አድርጎ መናገር የሚቻል ከሆነ በሌላውም ቀን ይቻላል።

ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ የትኛው እንደሚሻል ለእማማ ግልጽ ሆነ። የቱ እንደሆነ ብታውቁም አይጠቅማችሁም፤ ዋጋው ይቀያየራል፤ የእናንተም ጥሪ የእሳቸው አይደለም። 07ቱን ብቻ ይዘው 09ኙን ሊተዉ አሰቡ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተያዘው። ቤይሩት ያለችው ልጅ ስልኳ ሲወሰድባት፣ ወይም ሲጠፋባት፣ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የእናቷ 09። ከጎረቤት ሠራተኛ ስልክ ለምና የምትደውለው፣ ኤምባሲ በር ላይ የምታስመዘግበው እሱን ነው። ቁጥሩን ትቶ መሻገር ማለት ያቺን ልጅ መንገድ ማሳሳት ነው።

ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር ግን በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ጀምራዋለች፤ ናይጄሪያ በ2013። የእኛም ተቆጣጣሪ መመሪያ አውጥቶለታል። እናላችሁ እማማ ወረቀታቸውን ይዘው እንደገና ሱቅ ገቡና ያንኑ ጨዋ ልጅ ጠየቁት፦ «ይህን ቁጥሬን ይዤ መሻገር የምችለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ያስከፍላል? ስሻገርስ ስንት ሰዓት ስልኬ ይዘጋል?»

ልጁ ለአለቃው ደወለ። አለቃው ቀን አልሰጠም። እማማም «የሚያውቅ ሰው ሲመጣ በዚህ ደውሉልኝ» ብለው 09ኙን ባንኮኒው ላይ ጽፈውለት ወጡ። እስካሁን ሁለቱንም ሲም ይዘዋል፤ ለሁለቱም ካርድ ይሞላሉ፤ አንደኛው አገልግሎት ሳይሰጥ ቆይቶ እንዳይዘጋባቸው።